ዲግሪው ሌላ፣ ሥራው ሌላ፦ የሥራ ቪዛ እድሳት በጆሃንስበርግ

 

የዛሬው ጉዳያችን በደቡብ አፍሪካ የሥራ ቪዛ እድሳት ነው። በተለይ ደግሞ በአንድ ትምህርት ተመርቀው በሌላ ሙያ ተቀጥረው የሚሠሩ ሰዎች፣ ቪዛቸው ሊያበቃ ሲቃረብ ስለሚገቡበት ጭንቀት እንነጋገራለን። እርሳስና ወረቀት ብታቀርቡ ጥሩ ነው፤ መሐል ላይ የምንደምራቸው ቁጥሮች አሉ።

በጆሃንስበርግ ሐበሻ ሲባል ቶሎ የሚታሰበው ጀፒ ነው። መንገዱ በይፋ ራሂማ ሙሳ ተብሎ ስሙ ከተቀየረ ዓመታት ቢያልፉም ለእኛ ጀፒ ሆኖ ቀርቷል። ከጀፒ ዕቃ ጭኖ ሎኬሽን በሚባሉት የዳርቻ ሰፈሮች ውስጥ ሱቅ የከፈተው ወገናችን በአብዛኛው የሚኖረው በጥገኝነት ጠያቂ ወረቀት ስለሆነ፣ ስለ ፐርሚት ሲወራ ወሬው ሁሉ ስለዚያ ወረቀት ነው። ሳንድተንና ሚድራንድ ባሉ ቢሮዎች የሚሠሩ፣ በዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩ፣ በሆስፒታል የሚያክሙ ወገኖችም ግን አሉን። እነሱ የያዙት የሥራ ቪዛ ነው። ችግራቸውን የሚያዋዩት ሰው ስለማያገኙ ብዙውን ጊዜ የሚሰሙት የተሳሳተ ምክር ነው። ከሁሉ የከፋው ምክር ደግሞ «ዲግሪህ ከሥራህ ጋር ካልገጠመ አለቀልህ፣ ወይ ሌላ ዲግሪ ፈልግ» የሚለው ነው።

አላለቀም። ሕጉ እንደዚያ አይልም። ምን እንደሚል እንየው።

በቅድሚያ ይህ አለመገጣጠም በእኛ ሰው ላይ ለምን እንደበዛ እናንሳ፤ ጥፋት የሚመስላቸው አሉና። በአገራችን በኢትዮጵያ ተማሪው ዩኒቨርሲቲ የሚገባው በምደባ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2008 ገደማ ጀምሮ ደግሞ ሰባ በሠላሳ የሚባለው ፖሊሲ መጣ። ከመቶ ሰባው በሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳው በማኅበራዊ ሳይንስ እንዲማር ተወሰነ። ብዙ ወጣት ፍላጎቱ ሌላ ሆኖ ምህንድስና ተመደበ። ተመረቀ፣ ሥራ ፈለገ፣ ያገኘውን ሥራ ያዘ፣ በዚያው ሥራ ጎበዝ ሆነ። ይህ ሰው ያጠፋው ነገር የለም። የሚጎድለው ዲግሪ ሳይሆን፣ ዛሬ በሚሠራው ሥራ ብቁ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ነው። እሱን ደግሞ ማዘጋጀት ይችላል።

ለምሳሌ ያህል አንድ ሰው በሐሳባችን እንያዝ። በሜካኒካል ምህንድስና ተመርቋል። አዲስ አበባ ውስጥ ስድስት ዓመት ፕሮግራም ሲጽፍ ቆይቶ ዛሬ ሳንድተን ውስጥ ሶፍትዌር አልሚ ሆኖ ተቀጥሯል። ቪዛው ሊያበቃ ወራት ቀርተውታል። ከየት ይጀምር?

ፓስፖርቱን ይክፈትና ቪዛው የተለጠፈበትን ገጽ ያንብብ። ብዙዎቻችን ከዚያ ገጽ ላይ የምናየው ቀኑን ብቻ ነው። ዋናው ነገር ግን ከሥር ያለው የሁኔታ መግለጫ ነው። የቪዛው ዓይነት፣ አንዳንዴም የአሠሪው ስምና የተፈቀደው ሥራ የሚጻፈው እዚያ ነው። አጠቃላይ የሥራ ቪዛ የሚታሰረው ከአሠሪው ጋር ነው። ወሳኝ ክህሎት የሚባለው ቪዛ ደግሞ የሚታሰረው ከሙያው ጋር ነው። እድገት አግኝታችሁ የሥራ መደባችሁ ተቀይሮ ከሆነ፣ ያልገጠመው ዲግሪያችሁና ሥራችሁ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ቪዛችሁና ሥራችሁም ተለያይተዋል ማለት ነው። ይህ ከዲግሪው ጉዳይ ይብሳል፤ ምክንያቱም ከተፈቀደው ውጭ መሥራት በኢሚግሬሽን ሕጉ ያስጠይቃል።

አሁን ወደ ወሳኝ ክህሎት ቪዛ እንለፍ። መንግሥት በአገር ውስጥ እጥረት አለባቸው የሚላቸውን ሙያዎች በዝርዝር ያወጣል። ዝርዝሩ እ.ኤ.አ. በ2014 ወጥቶ በ2022 እንደ አዲስ ተጻፈ፤ በ2023 ደግሞ ተሻሻለ። ከእያንዳንዱ ሙያ ጎን ዝቅተኛው የትምህርት ደረጃ ተቀምጧል። የሶፍትዌር አልሚ ሙያ በዝርዝሩ ውስጥ አለ። ለዚህ ቪዛ ደንቡ የሚጠይቀው አንዱ ነገር፣ እውቅና ያለው የሙያ ማኅበር ወይም ቦርድ የአመልካቹን ክህሎት ወይም የትምህርት ማስረጃ፣ እንዲሁም ከምረቃ በኋላ ያካበተውን ተገቢ ልምድ አረጋግጦ የሚሰጠው ደብዳቤ ነው። በኮምፒውተር ዘርፍ ይህን ከሚሠሩት አንዱ የደቡብ አፍሪካ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ባለሙያዎች ተቋም ነው።

እዚህ ላይ ረጋ እንበል። ደንቡ የሚያየው ክህሎትንም ነው፤ በዲግሪው ላይ የተጻፈው ስም ብቻውን አይወስንም። ስለዚህ የእኛ መሐንዲስ የሙያ ማኅበሩን ደብዳቤ ማግኘት ከቻለ ጉዳዩ ትልቁን ዳገት ወጣ ማለት ነው። ነገር ግን ልምዱ ከምረቃ በኋላ የተገኘ መሆን አለበት። ቀን እየሠራችሁ ማታ በኤክስቴንሽን የተማራችሁ ሰዎች ይህን ልብ በሉ። አሥር ዓመት ሠርታችሁ የተመረቃችሁት የዛሬ ሦስት ዓመት ከሆነ፣ የሚቆጠርላችሁ የሦስቱ ዓመት ሊሆን ይችላል።

ልምድ ዲግሪን የማይተካባቸው ሙያዎች እንዳሉም በግልጽ መነገር አለበት። ሐኪም በጤና ሙያዎች ምክር ቤት፣ ነርስ በነርሶች ምክር ቤት፣ አስተማሪ በመምህራን ምክር ቤት ሳይመዘገብ መሥራት አይችልም። ለመመዝገብ ደግሞ የሙያው ትምህርት ግድ ነው። በፊዚክስ ወይም በሒሳብ ተመርቃችሁ የምታስተምሩ ወገኖች፣ አገር ቤት እያላችሁ ፒ.ጂ.ዲ.ቲ. የሚባለውን የመምህርነት ዲፕሎማ ወስዳችሁ ከሆነ እሱን ከዲግሪው ጋር አያይዛችሁ አቅርቡ። «የአንድ ዓመት ሥልጠና ነው» ብሎ መሳቢያ ውስጥ የሚተወው ሰው አለ፤ ለመምህራን ምክር ቤት ግን ዋናው ወረቀት እሱ ነው። ያልወሰዳችሁ ደግሞ እዚሁ ከዩኒሳም ሆነ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ከምረቃ በኋላ የሚሰጠውን የመምህርነት ሰርተፍኬት መማር ትችላላችሁ።

ሙያችሁ በወሳኝ ክህሎት ዝርዝር ውስጥ ከሌለ የሚቀረው አጠቃላይ የሥራ ቪዛ ነው። በቆየው አሠራር ሌበር የምንለው የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ማረጋገጫ ይሰጥበታል። አሠሪው የአገሩን ዜጋ ፈልጎ ማጣቱን፣ ደመወዙ ከዜጋው የማያንስ መሆኑን፣ አመልካቹም ለሥራው የሚመጥን ትምህርት ወይም የተረጋገጠ ክህሎትና ልምድ እንዳለው ያያል። እዚህም ልምድ ቦታ እንደተሰጠው አስተውሉ።

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024፣ ሊዮን ሽራይበር የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ከሆኑ በኋላ፣ የነጥብ ሥርዓት ታወጀ። ሐሳቡ የመጣው ከዚያ ቀደም በማቩሶ ምሲማንግ መሪነት ከተደረገው የሥራ ቪዛ ግምገማ ነው። አሁን እርሳሳችሁን አንሡ።

ማለፊያው 100 ነጥብ ነው። ሙያው በወሳኝ ክህሎት ዝርዝር ውስጥ ካለ 100 ነጥቡ በዚያው ይሞላል። ከሌለ ግን መደመር ነው። ትምህርት በአገሪቱ የብቃት ማዕቀፍ ደረጃ 9 ወይም 10 ከሆነ፣ ማለትም ማስተርስ ወይም ዶክትሬት፣ 50 ነጥብ ያስገኛል። ደረጃ 7 ወይም 8 ከሆነ 30 ነጥብ ነው። ዓመታዊ ደመወዝ ከ976,194 ራንድ በላይ ከሆነ 50፣ ከ650,796 ራንድ ጀምሮ እስከዚያ ድረስ ከሆነ 20 ነጥብ አለው። የሥራ ልምድ ከ5 እስከ 10 ዓመት 20፣ ከዚያ በላይ 30። አሠሪው መንግሥት «ታማኝ ቀጣሪ» ብሎ ከመዘገባቸው ድርጅቶች አንዱ ከሆነ 30። ከአገሪቱ ይፋዊ ቋንቋዎች ቢያንስ አንዱን መቻል 10፤ እንግሊዝኛም ከእነዚህ ውስጥ ነው።

አንድ ሰው እንደምር። የመጀመሪያ ዲግሪ፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልምድ፣ እንግሊዝኛ፣ በዓመት 700 ሺህ ራንድ ደመወዝ። 30 ሲደመር 30፣ ሲደመር 10፣ ሲደመር 20፤ 90 ይሆናል። በ10 ነጥብ ወደቀ። ይኸው ሰው ማስተርስ ቢኖረው 110 ይሆናል። ታማኝ ቀጣሪ ዘንድ ቢሠራ 120 ይደርሳል። አሁን ደግሞ ዲግሪ ጭራሽ የሌለውን ሰው እንይ። ደመወዙ ከ976,194 ራንድ በላይ ከሆነ፣ ከአሥር ዓመት በላይ ልምድ ካለው፣ እንግሊዝኛ ከቻለ 90 ያገኛል፤ አሠሪው ከታማኞቹ አንዱ ከሆነ በ120 ያልፋል።

ከዚህ ስሌት እኔ የምረዳው፣ ትምህርት የሚመዘነው በደረጃው መሆኑንና ልምድም በራሱ ሚዛን ላይ መቀመጡን ነው። ይህ ማለት ግን ልምዳችሁ ከቀረበላችሁ ሥራ ጋር መገናኘት አያስፈልገውም ማለት አይደለም። ማመልከቻችሁን የሚያየው ሰው የቅጥር ውሉን፣ የልምድ ደብዳቤዎቹንና የትምህርት ማስረጃውን ጎን ለጎን ያነባል። ደንቡም ገንዘቡም ሊከለስ ስለሚችል፣ የምትከተሉት ማመልከቻው በሚገባበት ቀን ሥራ ላይ ያለውን ይሁን።

ብዙዎቻችን የምንወድቀው ከዚህ ቀጥሎ ባለው ነገር ነው፤ ማለትም በሰነዱ።

የአገር ቤቱን የሥራ ልምድ ደብዳቤ ታውቁታላችሁ። «አቶ እገሌ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን በዚህ የሥራ መደብ፣ በወር ይህን ያህል ብር እየተከፈላቸው ሲያገለግሉ የቆዩ መሆኑን፣ የሥራ ግብርም ተቀንሶ ለመንግሥት ገቢ የተደረገ መሆኑን እንገልጻለን» ይላል። ማኅተም አለው፣ ፊርማ አለው። አገር ቤት ለሥራ መወዳደሪያ ይበቃል። ፕሪቶሪያ ውስጥ ፋይላችሁን ለሚያነብ ሰው ግን ስለ ሥራችሁ ምንም አይነግረውም፤ ምን ስትሠሩ እንደዋላችሁ የለበትም። መደቡ «ሲኒየር ኤክስፐርት» ከሆነማ የባሰ ነው፤ የምን ኤክስፐርት?

ስለዚህ ለቀድሞ መሥሪያ ቤታችሁ ጻፉና ዝርዝር ተግባራችሁን የያዘ ደብዳቤ በእንግሊዝኛ እንዲጽፉላችሁ ለምኑ። በየትኛው የፕሮግራም ቋንቋ ምን ሥርዓት እንደሠራችሁ፣ ስንት ሰው እንደመራችሁ፣ ተጠሪነታችሁ ለማን እንደነበር ይግባበት። ደቡብ አፍሪካ ሙያዎችን በኮድ የምትመድብበት ኦ.ኤፍ.ኦ. የተባለ መዝገብ አላት፤ በእያንዳንዱ ሙያ ሥር ተግባራቱ ተዘርዝረዋል። ያንን ዝርዝር አንብባችሁ ከሠራችሁት ውስጥ በእውነት የሚገጥመውን ለዩና ደብዳቤው ላይ እንዲሰፍር ጠይቁ። ያልሠራችሁትን አታስገቡ። የአሁኑ የቅጥር ውላችሁም በዚሁ ዓይን ይታይ።

ሁለተኛው ወጥመድ የዘመን አቆጣጠር ነው። ደብዳቤው «ከመስከረም 2008 እስከ ሰኔ 2012» ካለና ዓመተ ምሕረት የእኛ መሆኑ ካልተገለጸ፣ እዚህ ያለው ሰው በራሱ አቆጣጠር ያነበዋል። ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል። ያኔ ልምዳችሁ ከምረቃችሁ በፊት የተገኘ ይመስላል፤ ወይም ደግሞ ሁለት ቦታ በአንድ ጊዜ የሠራችሁ ትመስላላችሁ። ሁሉም ቀን ወደ ፈረንጆቹ ተቀይሮ ይጻፍ።

ሦስተኛው የስም አጻጻፍ ነው። ዲግሪው ላይ የአባት ስም በአንድ ፊደል፣ ፓስፖርቱ ላይ በሌላ ፊደል ተጽፎ ይገኛል። ለእኛ አንድ ሰው ነው፤ ለእነሱ ሁለት ሰው ነው። ስማችሁ አንድ መሆኑን የሚያረጋግጥ ሰነድ ቀድማችሁ አዘጋጁ።

አራተኛውና ጊዜ የሚበላው የትምህርት ማስረጃው ራሱ ነው። የውጭ ዲግሪ ፕሪቶሪያ ባለው የደቡብ አፍሪካ የብቃት ባለሥልጣን፣ በተለምዶ ሳኳ በምንለው፣ ተገምግሞ ደረጃ ይሰጠዋል። ደረጃ 7 ወይስ 8 የሚለው የሚታወቀው እዚያ ነው። ግምገማው ከዩኒቨርሲቲው ጋር ማጣራትን ይጨምራል። ብዙ ሰው ደግሞ በእጁ ያለው ቴምፖራሪ የሚባለው ጊዜያዊ ማስረጃ ብቻ ነው። ዋናውን ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱን ለማግኘት፣ እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው ደንብ የመጣውን የወጪ መጋራት ዕዳ፣ ኮስት ሼሪንጉን፣ መጨረስና ማረጋገጫውን ማቅረብ ያስፈልጋል። ይህን ከጆሃንስበርግ ሆኖ በስልክ ማስፈጸም ያስቸግራል። ለወንድም ወይም ለእህት ውክልና ልኮ፣ ሬጅስትራር ቢሮ አስመላልሶ የሚገኝ ነገር ነው። የግል ኮሌጅ ምሩቃን ደግሞ ኮሌጃችሁ በዚያ መስክ እውቅና የነበረው መሆኑን ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አጣሩ።

አሁን ደግሞ ጠንከር ያለ ነገር እንናገር። «ዲግሪህን እናስተካክልልሃለን»፣ «ከሥራህ ጋር የሚገጥም ዲግሪ አለን» የሚል ሰው ከመጣባችሁ በሩን ዝጉበት። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የብቃት ማዕቀፍ ማሻሻያ ሕግ የትምህርት ማስረጃን አስመስሎ ማቅረብን ወንጀል አድርጎ እስከ አምስት ዓመት እስር ደንግጎበታል። አሠሪው ውላችሁ ላይ ከዲግሪያችሁ ጋር እንዲገጥም ብሎ ያልሆነ የሥራ ስም ቢጽፍም ውሎ አድሮ ይወጣል። እውነተኛው ልምዳችሁ የሚያልፍ ሆኖ ሳለ በሐሰት ወረቀት መውደቅ ያሳዝናል።

የአማካሪዎችንም ጉዳይ አብረን እናንሳ። ቀድሞ በዚህ አገር የኢሚግሬሽን አማካሪዎች በሕግ የሚመዘገቡበት ሥርዓት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህ ግን ያ ምዝገባ ተሽሯል። ዛሬ ማንም ቢሮ ከፍቶ አማካሪ ነኝ ማለት ይችላል። ገንዘባችሁን የምትከፍሉት ሰው ጠበቃ ነኝ ካለ፣ በሕግ ሙያ ምክር ቤት መመዝገቡን አጣሩ። ፓስፖርታችሁን ትታችሁ አትምጡ። የማመልከቻችሁን ሙሉ ቅጂ በእጃችሁ ያዙ።

ጊዜውን በሚመለከት፣ የእድሳት ማመልከቻ የቪዛ ማመልከቻዎችን በሚቀበለው ድርጅት፣ በቪ.ኤፍ.ኤስ. በኩል የሚገባው ቪዛው ከማብቃቱ ቢያንስ 60 ቀን አስቀድሞ ነው። 60 ቀን ግን ማስገቢያው እንጂ መጀመሪያው አይደለም። የሳኳ ግምገማ፣ የሙያ ማኅበሩ ደብዳቤ፣ ከዚህ አገር ፖሊስና አስፈላጊ ሲሆን ከኢትዮጵያ ፌዴራል ፖሊስ የሚመጣ የወንጀል ነፃ ማስረጃ፣ የሕክምና ውጤት ሁሉ ከዚያ በፊት ማለቅ አለበት። የሕክምና ውጤቱ ከስድስት ወር በኋላ ስለሚያረጅ እሱን በመጨረሻ አሠሩት። ዲግሪውና ሥራው ለማይገጥም ሰው የእኔ ምክር ከአንድ ዓመት በፊት እንዲጀምር ነው።

ቀኑ ካለፈ ነገሩ ይከብዳል። ቪዛው ካበቃ በኋላ እስከ 30 ቀን ቆይቶ የወጣ ሰው ለ12 ወር፣ ከ30 ቀን በላይ የቆየ ለአምስት ዓመት «የማይፈለግ ሰው» ተብሎ እንዳይመለስ ሊከለከል ይችላል። ሆስፒታል ተኝታችሁ ወይም ከአቅማችሁ በላይ የሆነ ሌላ ነገር ገጥሟችሁ ቀኑ ካለፈ፣ ከአገር ሳትወጡ በቂ ምክንያታችሁን በማስረጃ አቅርባችሁ ፎርም 20 የሚባለውን ፈቃድ ጠይቁ። እሱ ከተሰጣችሁ ማመልከቻችሁን ማስገባት ትችላላችሁ።

ማመልከቻው ውድቅ ቢሆንስ? የውሳኔው ደብዳቤ ምክንያቱን ይጽፋል። ይግባኝ የሚባልበት ጊዜ 10 የሥራ ቀን ብቻ ነው። «ትምህርቱ ከሥራው ጋር አይገናኝም» የሚል ምክንያት ከመጣ፣ ለቅሶ የሞላበት ደብዳቤ አይረዳም። የሙያ ማኅበሩን ደብዳቤ፣ ተግባር የተዘረዘረበትን የልምድ ማስረጃና የእናንተን ዓይነት ክህሎት ያለው ሌላ ሰው አለመገኘቱን የሚያስረዳ የአሠሪ ደብዳቤ አያይዛችሁ፣ ነጥቡን በነጥብ መልሱ።

በጥገኝነት ጠያቂ ወረቀት እየኖራችሁ ዲግሪ ያላችሁ አድማጮች፣ «ይህ እኛን አይመለከትም» እንዳትሉ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2018 ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት ጥገኝነት ጠያቂ መሆን ብቻውን ለቪዛ ከማመልከት እንደማያግድ ፈርዷል። ሆኖም ማመልከቻውን ከውጭ አገር ማስገባት አለበት ከሚለው ግዴታ ነፃ የሚያደርግ ፈቃድ ከሚኒስትሩ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሂደቱ ረጅም ነው፤ ያለ ጠበቃ አትግቡበት። የያዛችሁትንም ወረቀት ሳታሳድሱ እንዳትቀሩ። እንደ ሎየርስ ፎር ሂውማን ራይትስና የዊትስ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ክሊኒክ ያሉ ተቋማት አቅም ለሌለው ሰው የሕግ እርዳታ ይሰጣሉ፤ ሄዳችሁ ጠይቁ።

አድማጮቻችን፣ ዛሬ ማታ ፓስፖርታችሁን አውጥታችሁ የሚያበቃበትን ቀንና የተጻፈውን ሁኔታ አንብቡ። በእጃችሁ ያለው ቴምፖራሪ ከሆነ፣ ነገ ጠዋት አገር ቤት ደውላችሁ ሬጅስትራር የሚሄድላችሁን ሰው ፈልጉ። የቀድሞ አለቃችሁም አሁን ሥራ ላይ እያሉ፣ የሠራችሁትንም ሳይረሱ፣ ደብዳቤውን አስጽፏቸው።